ቅጣት ያልመለሰው ጥያቄ፦ ቀይ ሽብር፣ ቂርቆስና ጠጋኝ ፍትሕ

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዛሬው መስቀል አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት ከስክሰው የ«ፀረ አብዮተኞች» ደም እንዲሁ እንደሚፈስ አወጁ። ልክ በ47ኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጸደቀ። ቀኖቹ የገጠሙት በአጋጣሚ ነው። በመካከላቸው ያለፈው ዘመን ግን የአንድ ያላለቀ ጉዳይ ታሪክ ነው። በአደባባዩ ዙሪያ ባሉት የቂርቆስና የካሳንቺስ ሰፈሮች፣ እንደ መላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላም ያልተመለሰላቸው ጥያቄ አለ፦ ልጄን ማን ወሰደው? ለምን? የት ተቀበረ?

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው አገራችን ቅጣትንም ይቅርታንም በየተራ ሞክራ ሁለቱንም ከተጎጂው ፊት አርቃ እንደፈጸመቻቸው ነው። የቀረው ሥራ አጥፊው ለበደለው ሰው እውነቱን እንዲናገር፣ አቅሙ የቻለውንም ያህል እንዲክስ ማድረግ ነው። ጠጋኝ ፍትሕ የምለው ይህንን ነው፤ የተጎዳው ሰው ምን ያስፈልገዋል፣ ያንን የማሟላት ግዴታውስ የማን ነው ብሎ የሚነሣውን የፍትሕ አስተሳሰብ። ብዙዎች ለአጥፊ የሚራራ መንገድ አድርገው ይወስዱታል። የቀይ ሽብር ተሞክሯችን የሚያሳየን ግን ከእስር ይልቅ አጥፊውን የሚያስጨንቀው ይህኛው መንገድ መሆኑን ነው።

ችሎቱ የሠራውና የተወው

በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሁለት ሥራ ተሰጥቶት ነበር፦ የደርግ ባለሥልጣናትንና ተባባሪዎቻቸውን መርምሮ መክሰስ፣ እንዲሁም የተፈጸመውን ግፍ ለትውልድ መዝግቦ ማቆየት። በከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ላይ የተመሠረተው ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 መሰማት ጀመረ። በ1989 ጽሕፈት ቤቱ በአጠቃላይ በ5,198 ሰዎች ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ 2,246ቱ በእስር ላይ ነበሩ፤ 2,952ቱ የተከሰሱት በሌሉበት ነው። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዋናዎቹን ተከሳሾች በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አላቸው፤ ጥር 3 ቀን ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። መንግሥቱ የተፈረደባቸው ዚምባብዌ ተቀምጠው ነው።

የዚህን ችሎት ዋጋ ማሳነስ አይገባም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ለሚል ሕዝብ የችሎት ሥርዓት በራሱ ክብር ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የዘር ማጥፋት ወንጀል፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት በሰፋ አነጋገር፣ የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ስለነበር ፍርዱ በሕግ ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። ፊርማ ያረፈባቸው የግድያ ትእዛዞች በማስረጃነት ቀርበዋል። በየጥሻው የተጣሉ አፅሞች በአርጀንቲና የሥነ አፅም ባለሙያዎች ጭምር እየተመረመሩ ወጥተዋል። ከዚህ ወዲያ «አልሆነም» ማለት አይቻልም።

የተጎጂው ቦታ የት ነበር ብለን ስንጠይቅ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ልጇን ያጣች እናት ከችሎቱ የምትገባው ምስክር ሆና ነው። ስሟን አስመዝግባ፣ ምላ፣ የተጠየቀችውን መልሳ፣ ለመስቀለኛ ጥያቄ ቀርባ ትሄዳለች። ከተከሳሹ የምትጠይቀው ጥያቄ ካላት የምታቀርብበት ወንበር የለም። ተከሳሹም ከወንጀል ሥርዓቱ የተማረው ነገር ቢኖር መካድ እንደሚያዋጣ ነው፤ ያመነ ሰው ለቅጣት ማቅለያ ከሚያገኛት ትንሽ ነገር በቀር ለማመን የሚገፋፋው ምክንያት አልነበረም። ከ12 ዓመት ክርክር በኋላ ብይን ተገኘ፤ ኑዛዜ ግን አልተገኘም። ካሳም የክሱ አካል አልሆነም፤ ከባለሥልጣናቱ መፈረድ በኋላ የቤተሰቦቹን ኑሮ የሚደጉም የማካካሻ ሥርዓት አልተዘረጋም።

ከዚህ ጋር የአትላንታውን ጉዳይ ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያች የአሜሪካ ከተማ ሆቴል ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት በቀይ ሽብር ዘመን ከፍተኛ 9 የተባለው የአዲስ አበባ አስተዳደር ክፍል ሊቀመንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ አገኘችው። እሷና ሌሎች ሁለት የሥቃዩ ተጠቂ ሴቶች በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነላቸው። ሰውየው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በሌለበት የተፈረደበትን የዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈጽም ተደረገ። ከገንዘቡ መጠን የበለጠ የሚያስተምረን ሴቶቹ የቆሙበት ቦታ ነው፤ በስደት አገር ችሎት ከሳሾች፣ የጉዳዩ ባለቤቶች ነበሩ። በአገራቸው ችሎት ቢሆን ኖሮ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሆኑ ነበር።

ያለ እውነት የመጣው ይቅርታ

በ2003 የሃይማኖት አባቶች አሸማጋይነት ተጀመረ። የታሰሩት የደርግ ባለሥልጣናት ሕዝቡን ይቅርታ የመጠየቅ ፍላጎታቸውን ገለጹ፤ የሰማዕታቱ ቤተሰቦች በበኩላቸው ተቃውሟቸውን አሰሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በምሕረትም ሆነ በይቅርታ ማለፍን ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲያሻሽል ብቻ ይፈቅዳል። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ግንቦት 24 ቀን 2003 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለሥልጣናቱ ከ1983 ጀምሮ ታስረው ስለነበር የዕድሜ ልክ ፍርደኛ በአመክሮ ለመለቀቅ የሚያስፈልገውን 20 ዓመት ሞልተው ነበር፤ በ2004 መግቢያ ብዙዎቹ ወጡ።

እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ሳይስተዋል ያለፈ የሕግ ነጥብ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 አመክሮን የሚፈቅደው ታራሚው የተሻለ ጠባይ በማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ በፍርድ ቤት የተረጋገጠውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱንም ይጠይቃል። የጠጋኝ ፍትሕ ዘር ከሕጋችን ውስጥ ቀድሞ ተዘርቷል ማለት ነው። ካሳው ገንዘብ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ዕድሜያቸው ለገፋ እስረኞች ጉዳትን መካስ ማለት የት እንደተቀበሩ መናገር፣ ማን ትእዛዝ እንደሰጠ መዘርዘር፣ በእጃቸው ያለፈውን ሰነድ ምሥጢር መፍታት ሊሆን ይችል ነበር። ያኔ ይህ እንደ ቅድመ ሁኔታ ቢቀመጥ ኖሮ የሃይማኖት አባቶቹ ሽምግልና ቤተሰቦቹ የሚቀበሉት ፍሬ በያዘ ነበር። የሆነው ግን ይቅርታው ለሕዝብ በጅምላ ተጠየቀ፤ ሕዝብ ደግሞ በጅምላ ልጅ አልሞተበትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ብሂል የሚነግረን በዳዩና ተበዳዩ የየራሳቸው ስም ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው።

ኖርዌያዊው የወንጀል ጥናት ሊቅ ኒልስ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በአዲስ አበባ ሽብሩ በተፋፋመበት ዓመት፣ ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ መንግሥትና ጠበቆች የሰዎችን ጠብ ከባለቤቶቹ እጅ ይነጥቃሉ ሲል ተከራክሯል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ዜር እ.ኤ.አ. በ1990 ሐሳቡን አዳብሮ ወንጀልን ሕግ ከመተላለፍ አስቀድሞ ሰውን መጉዳት አድርገን እንድናይ ጠየቀ። የእኛን ሁለት ሙከራዎች በዚህ ዓይን ስናይ አንድ ዓይነት ጉድለት ይታይብናል፦ በችሎቱ ጠቡን ዐቃቤ ሕግ ወሰደው፤ በይቅርታው ደግሞ የሃይማኖት አባቶችና ቤተ መንግሥት ወሰዱት።

ደቡብ አፍሪካ ከእኛ ችሎት መከፈት ማግስት ሌላ መንገድ ሞክራለች። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ምሕረት የሚሰጠው የሠራውን ሁሉ ሳይደብቅ በአደባባይ ለሚናገር ሰው ነበር። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመልክተው አብዛኞቹ ተከልክለዋል። እውነት በምሕረት ተለወጠች ማለት ይህ ነው። ይሁንና ካሳው ዘግይቶ መጣ፤ በመጨረሻ ለተጎጂዎች የተሰጠው የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ነበር። ምሕረት የተነፈጋቸው ብዙዎችም ሳይከሰሱ ቀርተዋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው፦ እውነት የሚወጣው ሲያተርፍ ነው፤ እውነት ተናግሮ ካሳ የማይከተለው ሥርዓት ደግሞ ተጎጂውን ዳግመኛ ባዶ እጁን ይሸኘዋል።

ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

ቀይ ሽብርን ከሌሎች የመንግሥት ግፎች የሚለየው በጎረቤት እጅ መፈጸሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌ የሚባለው ነገር እንዲህ ሥር ያዘ። ቀበሌው የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ የቤትና የቦታ ክርክር የሚታየው እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች ነው። ያው ቀበሌ በ1969 አብዮት ጠባቂ አስታጠቀ፤ ማሰሪያ ቤት ከፈተ። በመጋቢት ወር በከተማዋ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የማን ልጅ የት እንደሚያድር የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነበር። ደርግን ይቃወም የነበረው ኢሕአፓም በበኩሉ የቀበሌ ሹማምንትንና ያኔ ከደርግ ጋር የቆመውን የመኢሶን ድርጅት ሰዎች ገድሏል፤ የእነዚያም ልጆች በዚያው ሰፈር አድገዋል። ገዳይና የሟች ወንድም አንድ ዳቦ ቤት ተሰልፈው ኖረዋል።

ከግድያው በላይ ከተማይቱን የሰበራት የሐዘኑ መከልከል ነው። አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት ነበር። አስከሬኑን ለመውሰድ የጠየቀ ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ክፈል ይባል ነበር። ማልቀስ እንደ ሤራ ይቆጠር ነበር። እንደ ቂርቆስ ባለ ሰፈር ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የምናውቅ ሁሉ የዚህን ክብደት እንገነዘባለን፦ የዕድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ያ ሁሉ ሲቀር እናት ደጇን ዘግታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። በኋላ ሲገናኙም ሁለቱም ያንን ሌሊት ያውቃሉ። እርም ያላወጣ ቤተሰብና «ነፍስ ይማር» ማለት ያልቻለ ጎረቤት የቀይ ሽብር ሁለት ቁስለኞች ናቸው። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሁለተኛውን ቁስለኛ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

በመስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚህ ያልተተከለ ድንኳን ምትክ ለመሆን የበቃ ቦታ ነው። ከግቢው የሦስት እናቶች ሐውልት ቆሟል። ከውስጥ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጉርድ ፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ለመታወቂያ የተነሡት ናቸው፤ አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ወደ ካሜራው ቀጥ ያለ የተማሪ ዓይን። ከዚያ በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ የራስ ቅሎችና አጥንቶች አሉ፤ ከጉድጓዱ የወጡ ልብሶችም እንዲሁ። ጎብኚውን ሲያስረዱ የኖሩት ራሳቸው ከእስር የተረፉ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው የተገረፈበትን አኳኋን ለማያውቀው እንግዳ በየቀኑ የሚተርከው ታሪኩ እንዳይካድ ብሎ ነው። የሙዚየሙ ድምፅ ግን የተጎጂው ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል «እኔ ነኝ፣ እንዲህ አድርጌያለሁ» የሚል ድምፅ አይሰማም፤ ያንን ድምፅ ለማምጣት ሙዚየም ሥልጣን የለውም፤ መንግሥት ግን አለው።

ሽምግልና፦ አቅሙና አደጋው

ያንን ድምፅ ማምጣት የምናውቅበት ባህል አለን። በአማራ ገጠር ደም ሲደርቅ ገዳዩ ወይም ወገኑ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይቆማል። ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ከሁለቱም ወገን ተመላልሰዋል፤ የሆነው ሁሉ ተነግሮ ጥፋቱ ታምኗል፤ ካሳው ተቆርጧል። ድንጋዩ ከትከሻው የሚወርደው የሟች ወገን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የኦሮሞ ጉማ፣ የሲዳማ አፊኒ፣ የጉራጌ የጆካ ሥርዓት በየራሳቸው መንገድ እውነትን፣ ካሳንና እርቅን ያስተሳስራሉ። ዘመናዊው ሕጋችንም ይህን ሙሉ በሙሉ አልዘነጋም፤ በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ ቀላል ድብደባን፣ ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ ያዛል። ሕጉ ለእርቅ የፈቀደለት ድንበር 5 ብር መሆኑ ለአቅሙ የተሰጠው ግምት ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ያሳያል።

ሆኖም ሽምግልናን እንዳለ ወስዶ ለጅምላ ግፍ ማዋል ሦስት አደጋዎች አሉበት። አንደኛው ሴቶችን ይመለከታል። በሽማግሌዎች ሸንጎ ሴት በብዛት የምትናገረው በወንድ ዘመዷ አፍ ነው። በማሰሪያ ቤቶች የተደፈሩ ሴቶች ጉዳይ እንዲህ ባለ ሸንጎ ቢታይ የቤተሰብ ክብር በሚል ታፍኖ ይቀራል። ሁለተኛው «ታረቁ» የሚለው ግፊት ነው። እምቢ ያለን ተበዳይ ልበ ደንዳና አድርጎ የማየት ልማድ አለን፤ የ2003ቱን ይቅርታ የተቃወሙ ቤተሰቦች ከዚህ ወቀሳ አላመለጡም። በጠጋኝ ፍትሕ ይቅር ማለት የተበዳዩ መብት ነው፤ ይቅር ባይልም እውነቱንና ካሳውን የማግኘት መብቱ አይቀነስም። ሦስተኛው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ታሪክ እንዳሳየን የሰፈር ተቋም ታራቂዎችን ያስታረቀበትን ወንበር ለገራፊ ሊያውሰው ይችላል። ስለዚህ የሽማግሌው ሸንጎ የፍርድ ቤት ጥላ ያስፈልገዋል፤ እውነት ያልተናገረና ያልካሰ ሰው ወደ ችሎት እንደሚመለስ ማወቅ አለበት።

የ2016ቱ ፖሊሲ እነዚህን ክፍሎች በወረቀት አሰባስቧል። ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ እርቅን፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረትን፣ ማካካሻን፣ ተቋማዊ ማሻሻያንና ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችን ባንድ ላይ ይዟል። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ተመሳሳይ መንፈስ ያለውን የራሱን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከ2016ቱ ፖሊሲ በፊት በ2011 የተቋቋመው የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ግን የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ለሕዝብ የቀረበ የእውነት መዝገብ ሳይተው ሄዷል። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ተኩስ እየተሰማ ተጎጂ ሳይፈራ ወጥቶ ይናገራል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። የጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕን ግዴታ አድርጎ ቢያስቀምጥም ፍትሑ ከሰላሙ ቀድሞ አይሄድም።

ሰፈሩ ሲበተን

ከ2017 መግቢያ ጀምሮ የካሳንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛውረዋል። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት የሚባለው ሌላ ጽሑፍ ይሻል። ለያዝነው ጉዳይ የሚያሳስበው የሚከተለው ነው። በአዲስ አበባ ቀይ ሽብር የሰፈር ወንጀል ከነበረ ምስክሩም የሰፈር ነው። የትኛው ቤት የቀበሌ ማሰሪያ እንደነበረ፣ ያ ሌሊት መኪናው በየት በኩል እንደወጣ የሚያውቁት በዚያ መንደር የኖሩ ናቸው፤ ያኔ ሃያ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ከስልሳ አምስት በላይ ናቸው። ዕድሩ ሲበተን አዛውንቶቹን የሚያገናኝ ድንኳን አብሮ ይበተናል። ቤቱ ሲፈርስ «እዚህ ነው» ብሎ ጣት የሚጠቆምበት ቦታ ይጠፋል። የዓለም በቃኝ እስር ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ኅብረቱ በግቢው የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲኖር ወስኗል፤ የቀበሌ ማሰሪያ ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ወሳኝ የላቸውም።

ስለዚህ በፖሊሲው የታሰበው የእውነት ማፈላለግ ሥራ ሲጀመር ሦስት ነገሮች እንዲቀድሙ ያስፈልጋል። ከፈረሱ ሰፈሮች የወጡ ሰዎች በዛሬ አድራሻቸው ሳይሆን በቀድሞ ቀበሌያቸውና በዕድራቸው ተጠርተው ምስክርነታቸውን በአንድነት ይስጡ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳልና። የቀበሌዎቹ አሮጌ መዛግብት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዛወሩ ከመጥፋታቸው በፊት በሕግ ጥበቃ ሥር ይዋሉ። ቅድመ ሁኔታ ላለው ምሕረት የሚያመለክት ማንም ሰው ደግሞ የመቃብር ቦታን ጨምሮ የሚያውቀውን ሁሉ ለሟች ቤተሰብ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ፊት ለፊት፣ የመንገር ግዴታ ይጣልበት። ሐሰት መናገሩ ከተደረሰበት ምሕረቱ ይነሣ።

ይህ ጉዳይ ያረጀ ነው፣ ይቅር ለሚሉ ሰዎች የማቀርበው መልስ በቅርብ ዘመናችን ያየነው ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በአፋርና በቤኒሻንጉል ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የተነሣበትን ጊዜ አይተናል። የአስከሬን ክልከላን፣ ሐዘን የተነፈገውን ቤተሰብ፣ ስም ጠቋሚ የሰፈር ሰውን በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ደግመን አይተናል። የቂርቆስ አዛውንቶች የሚሰጡት ምስክርነት ለእነዚያ ሁሉ ቤቶች የሚሆን ሥርዓት የምንማርበት ነው። አጥፊውን ከተበዳዩ ፊት አቁመን እውነት ማስነገር በቀይ ሽብር ጉዳይ ላይ ካቃተን፣ ፍርዱ ተሰጥቶ፣ ሰነዱ ወጥቶ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎም ካቃተን፣ ትኩስ በሆነው ቁስል ላይ ይሳካልናል ማለት ራስን ማታለል ነው። የምስክሮቹ ዕድሜ ደግሞ ፖሊሲ እስኪተገበር አይጠብቅም። ሥራው ከእነሱ ይጀመር፤ አሁን፣ በስማቸው፣ በሰፈራቸው።